መስከረም ጠብቶ፣ መስከረም ሳያልቅ

ጥያቄ፦

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እዚሁ ባሕር ዳር ቀበሌ 14 ትንሽ ጌም ቤት አለኝ። ልጆቹ በብዛት የሚጫወቱት የታንክ ጦርነት ነው። ፓንተር የሚባለውን የጀርመን ታንክ ለመያዝ ሁሌ ይጣላሉ። «ፓንተር ከያዝክ ማንም አይችልህም» ይላሉ። ሰሞኑን አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጣና፣ ፓንተር የታጠቀ አንድ አዲስ ብርጌድ ገና ጦር ሜዳ ከመግባቱ በአንድ ቀን አለቀ አለን። ልጆቹ ሳቁበት። እውነቱን ለመናገር እኔም አላመንኩትም። እርስዎ ታንከኛ ነበሩ፤ እስቲ ይፍረዱን።

መልስ፦

ተማሪው ልክ ነው። ሻይ ጋብዘው። ከቻልክ አንድ ሰዓት በነጻ አጫውተው።

ነገሩ የሆነው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ቀኑ መስከረም 3 ቀን 1937፤ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 13 ቀን 1944። እዚህ የእንቁጣጣሹ አደይ ገና አልጠወለገም። እዚያ በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ዶምፔር በምትባል የገጠር መንደር፣ የጀርመን 112ኛው ፓንዘር ብርጌድ በጠዋት ከእንቅልፉ ነቃ። ወደ 90 ታንክ ነበረው። ግማሹ ፓንተር፣ ግማሹ ፓንዘር 4 የሚሉት። በማግስቱ የሚንቀሳቀስለት 20 ያህል ብቻ ነበር። ከ45ቱ ፓንተሮች ከ30 በላይ የሚሆኑት እዚያው ቀሩ።

አሁን «ታንኩ መጥፎ ነበር ማለት ነው?» ልትለኝ ነው። አልነበረም። ፓንተር 45 ቶን የሚመዝን፣ ፊቱ ወፍራም፣ መድፉ ረጅም ታንክ ነው። እኔ የነዳሁት ቲ-55 ከፓንተር ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣ ነው፤ እንደዚያም ሆኖ ፓንተርን ፊት ለፊት ማግኘት አልፈልግም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ከጥንስሱ ልጀምርልህ።

በ1936 ሰኔ አጋማሽ ሶቪየቶች ቤሎሩስ ላይ አጠቁ። የጀርመን መካከለኛው ግንባር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተናደ። ያኔ ሂትለር አንድ ሐሳብ መጣለት። ትንንሽና ፈጣን የታንክ ብርጌዶች ይቋቋሙ፤ ጠላት ግንባሩን ሲሸነቁር ሮጠው ይድፈኑት። ከ101 እስከ 113 ቁጥር ተሰጣቸው። ፓንዘር ማለት፣ ካነሣነው አይቀር፣ በእነሱ ቋንቋ ጥሩር ማለት ነው።

የታንክ ጦሩን የሚያውቀው ጄኔራል ጉዴሪያን ተቃወመ። አዲስ ታንክ ካለ ለነባሮቹ ክፍለ ጦሮች ስጡ አለ። እነሱ ልምድ ያለው ሰው አላቸው፤ የጎደላቸው ብረት ነው። አዲሶቹ ብርጌዶች ደግሞ ብረት እንጂ ሰው የላቸውም። የሚሰማው አላገኘም። በዚያ ዓመት የጀርመን ፋብሪካዎች ፓንተር ብቻ ከ3700 በላይ ሠርተዋል። ቦምብ እየዘነበባቸው! ታንክ ማምረት ችለው ነበር። ታንከኛ ማምረት ግን አቃታቸው። ነዳጅ ስለጠፋ አዲስ ሹፌር በቂ ሰዓት ነድቶ አይማርም።

እዚህ ላይ የራሴን ላውራ፤ ካላወራሁ ነገሩ አይገባህም።

መጀመሪያ ታንክ ላይ የተመደብኩ ጊዜ አራት ነበርን። አዛዥ፣ ተኳሽ፣ ጎራሽ፣ ሹፌሩ እኔ። አራታችንም ከተገናኘን ሳምንት አልሞላንም። ክረምት ነው፤ መሬቱ መረሬ። እኔ ጎበዝ መስዬ ጭቃ ላይ በኃይል ጠመዘዝኩ። ቀኝ ሰንሰለቴ ወለቀ። አዛዡ ምን እንዳለኝ እዚህ አይጻፍም።

ሰንሰለት ሲወለቅ አንዱን መጋጠሚያ ትከፍታለህ። ፒኑን ለማስወጣት አንድ ሰው መግፊያውን ብረት በሁለት እጁ ደግፎ ይይዛል። ሌላው በከባድ መዶሻ ይመታል። ያዢው እኔ፣ መቺው ጎራሹ። ጎራሹ መዶሻውን ባነሣ ቁጥር እጄ በራሱ ጊዜ ይሸሻል። ብረቱ ይዘማል፣ መዶሻው ይስታል። እንደገና። እንደገና። ልጁን አላውቀውማ! ዓይኑ ቀጥ ብሎ ያይ እንደሆነ፣ ክንዱ ይጸና እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ሰንሰለቱን መልሰን ስንገጥም ጀምበር ጠልቃ ነበር። ከዓመት በኋላ ያው ሰው ሲመታ እኔ ወደ ሌላ እያየሁ ከአዛዡ ጋር አወራ ነበር። ሥራው አንድ ሰዓት አይፈጅብንም። ታንኩ ያው፣ መዶሻውም ያው።

እንግዲህ 112ኛው ብርጌድ ሙሉ በሙሉ የመጀመሪያ ሳምንት ሰዎች ነበሩ በልና አስብ። ሹፌሩ ተኳሹን አያውቅም። ሻምበሉ ሻምበሉን አያውቅም። እግረኛው ታንከኛውን አያውቅም። እንደ ብርጌድ አንድ ላይ ተሰባስበው በቅጡ ልምምድ አላደረጉም። በባቡር ተጭነው መጡ፣ ወረዱ፣ ሂዱ ተባሉ።

የጎደላቸው ደግሞ ብዙ ነው። መድፈኛ የለም። ቅኝት የሚወጣ ቃፊር በጣም ጥቂት ነው። ጥገናና ጎታች አነስተኛ ነው። ሰው ታንክ ሲቆጥር ታንኩን ብቻ ነው የሚቆጥረው። እኔ ግን ከታንኩ ኋላ ያለውን ጎታችና የመለዋወጫ መኪና ካላየሁ አልቆጥረውም። በተለይ ፓንተርን። ከፊት ሰንሰለቱን የሚያሽከረክሩት የመጨረሻዎቹ ጥርሶች ደካሞች ናቸው፤ ለ45 ቶን አይበቁም። ፈረንሳዮች ከጦርነቱ በኋላ የተማረኩ ፓንተሮችን ራሳቸው ታጥቀውባቸው ነበር። የዚያ ክፍል ዕድሜ በአማካይ 150 ኪሎ ሜትር ነው ብለው መዘገቡ። ካምቢዮና ፍሪሲዮን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ራሱን ይይዛል። ከባሕር ዳር ተነሥተህ ጎንደርን እንኳ ሳትረግጥ አለቀ ማለት ነው! ጠንቃቃና የበሰለ ሹፌር ያቆየዋል። እንደ እኔ ጭቃ ላይ የሚጠመዝዝ ጀማሪ ይሰብረዋል።

ወደ ዶምፔር ልመለስ።

የብርጌዱ አዛዥ ኮሎኔል ሆርስት ፎን ኡዘዶም ይባላል። ብርጌዱ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ነበር። ፓንተሮቹ ዶምፔርና አጠገቧ ያሉ መንደሮች ገቡ፤ ፓንዘር 4ቶቹ በሌላ መንገድ ወደ ዳርኔ በኩል ሄዱ። ፓንተሮቹ መስከረም 2 ማታ መንደሩ ውስጥ አደሩ። ዶምፔር ያለችው ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ዙሪያዋ ኮረብታ። የቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥተህ ዓባይን ወደ ታች አይተህ ታውቅ የለ? ታች ያለው ሰው እንደ ጉንዳን ይታያል። ታዲያ እነዚህ ሰዎች ታች ተኝተው ኮረብታውን ባዶ ተዉት። አንድ ቃፊር እንኳ ቢወጣ ኖሮ ታሪኩ ሌላ ነበር።

ሌሊቱን ኮረብታው ላይ ፈረንሳዮች ወጡ። የጄኔራል ለክሌር 2ኛ ብረት ለበስ ክፍለ ጦር ሰዎች ናቸው፤ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ፓሪስን ነጻ ያወጡት። እዚህ ግንባር የመራቸው ኮሎኔል ላንግላድ ነው። ይህ ክፍለ ጦር በሰሜን አፍሪካ ከተቋቋመ ዓመት አልፎታል። በውስጡ ደግሞ ከቻድ ጀምረው በረሃውን ከለክሌር ጋር ያቋረጡ አሉበት። ታንካቸው የአሜሪካ ሸርማን ነው። በብረት ውፍረት ከፓንተር ያንሳል፤ ግን ማን ጎኑን ሰጥቶ እንደተኛ ከላይ ሆኖ ያያል። የፓንተር ፊት እንጂ ጎኑ ወፍራም አይደለም።

ይህን የሐይቅ ዳር ሰው ስለሆንኩ ሳልነግርህ አላልፍም። በዚያ ክፍለ ጦር ውስጥ ጸረ ታንክ መኪኖቹን የያዙት ባሕርተኞች ነበሩ! የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ሰዎች። መርከባቸው ቀርቶባቸው ባለ ሰንሰለት መድፍ ላይ ወጡ። መኪኖቹን በመርከብ ስም ነበር የሚጠሯቸው፤ አንዱን ሲሮኮ ብለውታል። የጣና ጀልባ ነጂ ቲ-55 ላይ ቁጭ ብሎ አስበው። ግን እነዚህ ባሕርተኞች ርቀት መገመት የለመደ ዓይን ነበራቸው፤ ፓንተር ካወደሙት መካከልም ነበሩ።

ሲነጋ ከላይ ተኩስ ተከፈተ። ፓንተሮቹ ከቤት ቤት መሐል ለመውጣት ሞከሩ። ከሁለትና ከሦስት አቅጣጫ ይመታሉ። ከዚያ የአሜሪካ ተንደርቦልት አውሮፕላኖች መጡ። ቀኑን ሙሉ አራት ጊዜ ያህል እየተመላለሱ በቦምብና በሮኬት መቱ። ከመሬት ሆኖ በሬዲዮ የሚመራቸው አሜሪካዊ መኮንን ከፈረንሳዮቹ ጋር ነበር። አየህ፣ ላንግላድ ጥቂት ታንክ ነው የነበረው፤ ግን መድፈኛውም፣ አውሮፕላኑም፣ ባሕርተኛውም በአንድ ሬዲዮ ይነጋገራሉ።

ከሰዓት በኋላ ፓንዘር 4ቶቹ ወንድሞቻቸውን ለማዳን ከሌላው በኩል መጡ። ቪል-ሱር-ኢሎን በምትባል መንደር ጥቂት ሸርማኖችና ጸረ ታንኮች አድፍጠው ጠበቋቸው። ተመትተው ተመለሱ። መንደሩ ውስጥ የቀሩት ደግሞ ሞተሩ የሚሠራ ታንክ ሳይቀር ጥለው ወጡ። ሳይቃጠሉ ከተገኙት መካከል ወደ ፓሪስ ተወስደው ለሕዝብ የታዩ ፓንተሮች አሉ። ከፋብሪካ ወጥተው ብዙም ሳይቆዩ ለኤግዚቢሽን ደረሱ። ከብርጌዱ የተረፈው መስከረም ሳያልቅ ወደ 21ኛው ፓንዘር ክፍለ ጦር ተደባለቀ፤ ስሙም ቀረ።

«የ112ኛው አዛዥ ሰነፍ ስለነበረ ነው» እንዳትል፣ የሌሎቹንም ልንገርህ። ባጭሩ።

106ኛው የተመራው በፍራንትስ ቤከ ነው። በሙያው የጥርስ ሐኪም፣ በጦርነቱ የተፈተነ ታንከኛ። ከጀርመን ጎበዞች አንዱ ነበር። ጳጉሜን 3 ቀን፣ እንቁጣጣሽ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሜሪ በምትባል መንደር አጠገብ የአሜሪካኖችን 90ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር አጠቃ። ሌሊት ላይ ሰልፉ የአሜሪካኖቹን ጓዳ ጥሶ ገባ፤ ጨለማ ነው፣ ቃፊር የለም፣ የት እንዳለ አያውቅም። ሲነጋ ራሱን መሐል ከተማ እንደገባ በሬ አገኘው። ቢሆንም ይህ ብርጌድ ዕድለኛ ነው፤ ተጠጋግኖ እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ደረሰ።

111ኛውና 113ኛው ከናንሲ ምሥራቅ አራኩር ወደሚባል ቦታ ተላኩ። መስከረም 9 ማለዳ አብረው ሊያጠቁ ነው እቅዱ። 113ኛው በሰዓቱ ደረሰ። 111ኛው የለም! ለምን? መንገድ ላይ አንድ ፈረንሳዊ ገበሬ ጠይቀው በተሳሳተ መንገድ ስለላካቸው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ። የገበሬውን ስም የጻፈ የለም። እኔ ግን መልኩን የማውቀው ይመስለኛል። ዱላውን ተደግፎ፣ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ «አዎ፣ በዚያ በኩል ነው፤ ቅርብ ነው» ሲል። የእኛ ገበሬ ለጣሊያን ያለው ከዚህ ምን ይለያል?

ያን ጠዋት ጭጋግ ነበር። የአሜሪካን አውሮፕላን ስለሚከለክል ለጀርመኖቹ ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር። ግን በክረምት ማለዳ ጣና ዳር ቆመህ ታውቃለህ፤ ታንኳው የሚታይህ ደንገሉ ሊነካህ ሲል ነው። የፓንተር መድፍ ጥቅሙ ከሩቅ መግደሉ ነው። በጭጋግ ውስጥ ሩቅ የሚባል ነገር የለም። ሸርማን ደግሞ ቅርብ ለቅርብ ከሆነ መድፉን ፈጥኖ ያዞራል። ሸርማኖቹ ላይ የነበሩት የአሜሪካ 4ኛ ብረት ለበስ ክፍለ ጦር ሰዎች፣ አገራቸው እያሉ ጀምሮ ለዓመታት አብረው የሠለጠኑ ናቸው። ከአዛዦቻቸው አንዱ ክሬይተን ኤብራምስ ነው፤ የዛሬው የአሜሪካ ታንክ በእሱ ስም የሚጠራው። እነዚያ ሰዎች መዶሻ ሲነሣ እጃቸውን አያሸሹም።

መስከረም 12 የ111ኛው አዛዥ ተገደለ። በማግስቱ የ113ኛው። 111ኛው ከአራኩር ሲያፈገፍግ 7 ታንክና 80 ሰው ብቻ ቀርቶት ነበር ተብሎ ተጽፏል። የተረፈው ወደ ነባሮቹ ክፍለ ጦሮች ተበተነ፤ ጉዴሪያን መጀመሪያውኑ ይሂድ ወዳለበት።

ስለዚህ ልጆቹን እንዲህ በላቸው። ጌሙ ላይ ፓንተር ሰንሰለቱ አይወልቅም፣ ጥርሱ አይበላም፣ ነዳጅ አይጠይቅም፣ ሹፌሩም ተኳሹም አንድ ልጅ ነው። እሱ ነው ልዩነቱ። ሌላ ደግሞ፣ አንዱን ልጅ ሸርማን ስጠውና ኮረብታ ላይ አስቀምጠው። ሦስት ጓደኛ ጨምርለት፤ እየተነጋገሩ ይጫወቱ። ፓንተር የያዘውን ብቻውን መንደር ውስጥ ተወው። ማን እንዳሸነፈ ጻፍልኝ።

ጥያቄ፦

ሃምሳ አለቃ፣ እንዴት ሰነበቱ? ከዘጌ ነው የምጽፍልዎ። አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ ከራስ እምሩ ጋር ዘምቶ ነበር። «ታንክ በጎራዴ ገደልን» ይል ነበር። ልጆቼ ይህን ሲሰሙ «ሽማግሌው ጠጥተው ነው» ይላሉ። ቡናችን ማስጫ ቆጡ ላይ እሱ አመጣው የሚባል የብረት ቁራጭ አለ፤ ሰሌኑን ነፋስ እንዳያነሣው እንጭነዋለን። ይህ ነገር ሊሆን ይችላል?

መልስ፦

እትዬ፣ ይሆናል እንጂ! ልጆችዎን ወደ እኔ ይላኳቸው።

ራስ እምሩ ያን ጊዜ የጎጃም ገዥ ናቸው፤ ያዘመቱትም በብዛት የእኛው አገር ሰው ነው። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ተከዜን ተሻግረው ሽሬ ላይ፣ ደምበጊና በሚባለው በር፣ የጣሊያንን ትንንሽ ታንኮች ገጠሙ። እነዚያ ታንኮች 3 ቶን ያህል ናቸው፤ የፓንተር ጣት አይሆኑም። ሁለት ሰው ይይዛሉ። ዋናው ነገር፣ የሚዞር ጉልላት የላቸውም። መትረየሱ ፊት ለፊት ተተክሏል፤ ወደ ጎን ጥቂት ብቻ ነው የሚንቀሳቀስ። ከኋላ የመጣ ሰው አይታያቸውም፣ ቢታያቸውም አይተኩሱበትም። የእኛ ሰው ይህን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። በድንጋያማው በር ላይ እግረኛቸው ሲሸሽ ታንኮቹ ብቻቸውን ቀሩ። ከዚያ በኋላ ጎራዴ ይበቃል።

ከላይ ለጌም ቤቱ ልጅ የጻፍኩትን ያንብቡለት ለልጆችዎ። ዶምፔርና ደምበጊና በስምም ቢሆን ይቀራረባሉ፤ ሁለቱም ቦታ ታንኩን የገደለው ብቻውን መቅረቱ ነው።

ስለ ብረቱ ግን ሳላይ አልፈርድም። የዚያ ታንክ ሰንሰለት ጠባብና ቀላል ነው፤ አንድ ቁራጩን ልጅ በአንድ እጁ ያነሣዋል። ለማንሣት ሁለት እጅ ከጠየቀ የአያትዎ አይደለም፣ የእኔ ዘመን ነው፤ ማን ዘጌ ድረስ እንደተሸከመው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይሆናል። እስከዚያው እንዳይቀቡት፣ በአሸዋም እንዳይፈትጉት። ቅዳሜ ጠዋት በጀልባ እመጣለሁ። ሰሌኑ ላይ ሌላ ድንጋይ ይጫኑበት።